የምህንድስና ሥዕል ትምህርት፤ እርሳስና ኮምፒዩተር በለገሃር ዙሪያ

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የሁለት ሰፈሮች ስም ለዚህ ርእስ መግቢያ ቢሆን ተገቢ ነው። ለገሃር የሚለው ስም ከፈረንሳይኛው «ላ ጋር» የተወረሰ ሲሆን ትርጉሙ የባቡር ጣቢያ ማለት ነው። ካዛንቺስ ደግሞ በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ይሠራ የነበረው ተቋም ካቆማቸው ቤቶች፣ ማለትም «ካዜ ኢንቺስ» ከተባሉት፣ የመጣ ስም ነው። ሁለቱም ስሞች የሰው እጅ ያቆመውን ሥራ የሚጠሩ ናቸው፤ ያም ሥራ ከድንጋይና ከስሚንቶ በፊት በወረቀት ላይ የተሣለ ነበር። የአዲስ አበባ ሕዝብ በየዕለቱ በታክሲ ወረፋ ላይ የሚጠራቸው ቃላት መነሻቸው የነዳፊ ጠረጴዛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገሩ ዛሬ የሚነሣበት ምክንያት አለ። የምህንድስናም ሆነ የቴክኒክ ሙያ ተማሪ በአሁኑ ዘመን ገና ከጅምሩ በኮምፒዩተር ፊት ሊቀመጥ ይችላል፤ የአንድ ቤት ሙሉ ፕላን አትሞ እስኪያወጣ ድረስ እርሳስ ሳይነካ የሚቆይም አይታጣም። አንጋፋዎቹ ባለሙያዎች ይህን ሲያዩ ያዝናሉ። ወጣቶቹም ሐዘኑን ላለፈ ዘመን ከመናፈቅ ይቆጥሩታል። ከሁለቱም ወገን እውነት አለ፤ ይሁን እንጂ ክርክሩ የሚደረገው በአብዛኛው ስለ መሣሪያው ነው እንጂ ተማሪው ሊያውቀው ስለሚገባው ነገር አይደለም።

ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው። ይኸውም ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ያለውን አካል በጠፍጣፋ ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ ሌላ ሰው ከወረቀቱ ላይ ያንኑ አካል ሳይዛነፍ መልሶ እንዲሠራው ማድረግ ነው። ይህን ዕውቀት በሥርዓት ያዋቀረው ፈረንሳዊው ጋስፓር ሞንዥ ሲሆን፣ ሥራውን የጀመረው በ18ኛው ምዕተ ዓመት በሜዚዬር የጦር ምህንድስና ትምህርት ቤት ነበር። ዘዴው ለምሽግ ሥራ እጅግ የሚጠቅም ሆኖ በመገኘቱ ለብዙ ዓመታት እንደ ወታደራዊ ምስጢር ተጠብቆ ቆይቶ፣ በመጽሐፍ የወጣው በ1799 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ የሚሠራቸው የፊት፣ የላይና የጎን ዕይታዎች የዚሁ ምስጢር ልጆች ናቸው።

ለዚህ ትምህርት ከለገሃር አካባቢ የተሻለ መማሪያ በኢትዮጵያ ውስጥ ማግኘት ያዳግታል። ከጂቡቲ የተነሣው ባለ 784 ኪሎ ሜትር የባቡር መሥመር አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬም የሚታየው የጣቢያው ሕንፃ ደግሞ በፈረንሳዊው ፖል ባሪያ ንድፍ በ1929 እ.ኤ.አ. ተሠራ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. በተከፈተው የቀላል ባቡር መሥመር ከለገሃር ወደ ምዕራብ ሲጓዙ፣ ሜክሲኮ ታልፎ የሚገኘው ጣቢያ ስሙ ተግባረ ዕድ ነው፤ ከ1942 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶርኖና ብየዳ፣ እንጨትና ኤሌክትሪክ ሲያስተምር የኖረው ትምህርት ቤት ስም መሆኑ ነው። ከዚያው አለፍ ብሎ በልደታ በኩል በ1954 እ.ኤ.አ. የኢትዮ ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተብሎ የተቋቋመው የሕንፃ ኮሌጅ ይገኛል። እንግዲህ የተሣለው፣ የተሠራውና ሥዕሉ የሚማርበት ቦታ በእግር የአንድ ሰዓት መንገድ በማይሞላ ክልል ውስጥ ተሰብስበዋል።

የእነዚህ ሥራዎች ምንጭ የተለያየ መሆኑ ግን ለተማሪው መከራም ነው። ፈረንሳዮች፣ ጣሊያኖች፣ ስዊድኖች፣ በኋላም የቀላሉን ባቡርና የአዲሱን የጂቡቲ መሥመር የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች የመጡበት አገር ልማድ አካሉን በተመልካቹና በሥዕሉ ገጽ መካከል የሚያስቀምጠው የአንደኛ ማዕዘን አጣጣል ነው። በዚህ ልማድ የላይ ዕይታ ከፊት ዕይታ በታች ይሣላል፤ ከግራ በኩል የታየውም በቀኝ ይቀመጣል። በአሜሪካ በታተሙት የመማሪያ መጻሕፍት ያለው ግን የሦስተኛ ማዕዘን አጣጣል ነው፤ የላይ ዕይታ በላይ፣ የግራውም በግራ ይውላል። ሁለቱን የሚለየው በሥዕሉ ግርጌ የምትቀመጥ የተቆረጠች ሾጣጣ ምልክት ብቻ ናት። ይህችን ምልክት ያላስተዋለ ሠራተኛ አንድን ማቀፊያ ብረት ከሥዕሉ ላይ ሲቀዳ፣ ልኬቱ ሁሉ እስከ ሚሊ ሜትር ድረስ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ብረቱ በመስተዋት እንደታየ ተገልብጦ ይወጣል። በግራ መበሳት የነበረበት ቀዳዳ በቀኝ ተበስቶ ይገኛል። ብረቱ ተቆርጧል፣ ተበይዷል፣ ቀለም ተቀብቷል፤ ከቦታው ሲደርስ ግን አይገባም። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ብረት በዚህ መንገድ ቁርጥራጭ ሆኖ ሲጣል ማየት ለማንም የሙያ ሰው የሚያሳዝን ነው።

እዚህ ላይ ኮምፒዩተሩ ብዙም አይረዳም። ፕሮግራሙ ከአንድ የተቀረጸ አካል ዕይታዎቹን በቅጽበት ያወጣል፤ በየትኛው ማዕዘን እንደሚያወጣ ግን የሚወስነው አስቀድሞ የተስተካከለው ቅንብር ነው። ቅንብሩን ሳይመለከት የሚያትም ተማሪ የየትኛውን አገር ልማድ እንደተከተለ ሳያውቅ ሥዕሉን ለወርክሾፕ ይሰጣል። በእጁ ደጋግሞ የሣለ ተማሪ ደግሞ አካሉን በአእምሮው ማዞር ስለለመደ፣ ሥዕሉ ሲገለበጥ ዐይኑ ይሰናከልበታል።

ታዲያ የእጅ ንድፍ እንዴት ይማሩታል? ብዙ ሰው ተሰጥኦ ይመስለዋል፤ ነገር ግን ልክ እንደ እጅ ጽሕፈት በልምምድ የሚገኝ ነው። ቀጥታ መሥመር የሚወጣው ጣቶችን በማንቀሳቀስ ሳይሆን ክንድን ከትከሻ በመሳብ ነው፤ ዐይንም የሚያርፈው በእርሳሱ ጫፍ ላይ ሳይሆን መሥመሩ በሚደርስበት ነጥብ ላይ ነው። ክብ ለመሣል አስቀድሞ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ የጎኖቹ አጋማሽ ይመለከትና ክቡ በአራቱ ነጥቦች ላይ ይታከካል። ያው አራት ማዕዘን በ30 ዲግሪ ተጋድሞ ሲሣል ክቡ ሞላላ ይሆናል። ከለገሃር ትንሽ ሽቅብ ሲሉ የሚገኘው፣ ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት የነደፈው ክቡ የንግድ ባንክ ሕንፃ ለዚህ ልምምድ የተሰጠ ይመስላል፤ ከአጠገቡ ያለውና በ2014 ዓ.ም. የተመረቀው ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመው የዚያው ባንክ ሕንፃ ግን ተማሪውን አንገቱን ከማሳመም በቀር ለጀማሪ ንድፍ ብዙም አያገለግልም።

ከዚህ የሚቀጥለው መጠንን መገመት ነው። ተማሪው በጣቢያው ፊት ቆሞ፣ ክንዱን ዘርግቶ፣ እርሳሱን በአንድ ዐይኑ እያየ የበሩን ቁመት በአውራ ጣቱ ይለካል፤ ያው ልክ በሕንፃው ፊት ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ይቆጥራል። ማስመሪያ የለም፣ ላጲስም ባይኖር ይመረጣል። የተሳሳተ መሥመር በቦታው ይቆያል፤ ትክክለኛውም ከጎኑ ይደመቃል። ይህን የሠራ ሰው ሕንፃው የተገነባበትን ሐሳብ፣ ማለትም የትኛው ክፍል ከየትኛው ጋር እንደተመጣጠነ፣ የቱ መስኮት የቱን እንደሚደግም፣ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከራሱ ክንድ ይማራል። ፎቶግራፍ ያነሣ ሰው ሕንፃውን ይዞ ይሄዳል፤ ያየው መሆኑ ግን አጠራጣሪ ነው።

ይህ ሁሉ ሲባል የቀድሞው ትምህርት ሁሉ ይመለስ ማለት አይደለም። በቀድሞው ልማድ ተማሪ ወራት የሚያጠፋው በንድፍ ሳይሆን በማስዋብ ነበር። የቲ ቅርጽ ባለው ማስመሪያ የገጽ ክፈፍ ማስመር፣ የርእስ ሰንጠረዥ ማሣመር፣ በቀለም ብዕር በትሬሲንግ ወረቀት ላይ ሌላው የሣለውን መገልበጥ፣ የፈሰሰ ቀለም በምላጭ መፋቅ፤ ከዚያም በንጽሕና ማርክ መቀበል። አንድ ጠብታ ቀለም የሳምንት ሥራ ስታበላሽ ተማሪው የተማረው ትዕግሥትን ነው ቢባል ደግ ነው፤ ምህንድስና ግን አልነበረም። የቀለም ብዕሩና ምላጩ ቢቀሩ ማንም አይጎዳም። ሊቀር የማይገባው ንድፉ፣ ልኬቱና ሥዕል ማንበቡ ነው። የሚያሳዝነው ብዙ ቦታ የሆነው የዚህ ተቃራኒ መሆኑ ነው፤ ኮምፒዩተሩ ሲገባ ማስዋቡ በሌላ መልክ ቀጥሎ ንድፉ ቀረ።

ስለ ኮምፒዩተሩ ታሪክ ረጅም ነገር ማውራት አያስፈልግም። ኢቫን ሰዘርላንድ በ1963 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በብርሃን ብዕር በመስታወት ላይ የሚሣልበትን ፕሮግራም አሳየ፤ በ1982 እ.ኤ.አ. አውቶካድ በግል ኮምፒዩተር ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ የሥዕል ክፍሉ ረጃጅም ጠረጴዛዎች አንድ በአንድ ወደ መጋዘን ገቡ። ጥቅሙ ግልጽ ነው። አንድ ግድግዳ ሲዛወር ሃያ ወረቀት መፋቅ ቀረ፤ የፌሮውና የብሎኬቱ ብዛት ከሥዕሉ ላይ ይቆጠራል፤ የውኃ ቧንቧና የአርማታው ተሸካሚ በአንድ ቦታ ሲጋጩ ቤቱ ሳይሠራ በፊት ይታያል። ይህን የሚንቅ ባለሙያ ሙያውን ያላከበረ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው መኪናው ለጀማሪው ከሚሰጠው የማታለል ምቾት ነው። በመጀመሪያ ደረጃ፣ መስታወቱ ላይ ሥዕሉ ሊሰፋና ሊጠብ ስለሚችል ተማሪው የመጠን ስሜቱን ያጣል፤ የበር እጀታና የሕንፃ ጣሪያ በፊቱ እኩል ናቸው። 20 ሳንቲ ሜትር በሆነ ብሎኬት የሚሠራ ግድግዳ በሥዕሉ ላይ 19.87 ተብሎ ይጻፋል፤ ፎርማኑም ይህን ሲያነብ ይስቃል፣ ከዚያ ወዲያ ግን የሥዕሉን ሌሎች ቁጥሮችም ማመን ያቆማል። ጉዳቱ የሚከፋው ይህ ሁለተኛው ነው። ሌላው መቅዳት ነው። ለአንድ ቦታ የተነደፈ ደረጃ፣ ለአንድ አፈር የተሰላ መሠረት፣ በሁለት ጣት ንክኪ ወደ ሌላ ሥዕል ይዛወራል። በእጅ ሲገለበጥ በነበረበት ጊዜ ገልባጩ ቢያንስ እያንዳንዱን መሥመር በዐይኑ ያልፍበት ነበር፤ ዛሬ የሚቀዳው ሳይታይ ይቀዳል።

የመሣሪያው ዋጋም ሊነሣ ይገባዋል። የታወቁት ፕሮግራሞች የዓመት ፈቃዳቸው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል በመሆኑ፣ ብዙ ወጣት የሚሠራው በተሰረቀ ቅጂ ነው። ለተማሪ በነፃ የሚሰጥ ፈቃድ አለ፤ ሲመረቅ ግን ያበቃል። በዚህ ምክንያት ፍሪካድና ሊብሬካድን የመሳሰሉ ለሁሉም ክፍት የሆኑ ፕሮግራሞች ከመጀመሪያው ቢለመዱ፣ ተማሪው ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሙያውን በሌብነት አይጀምርም። ፍሪካድ በ2024 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሙሉ እትሙን አውጥቷል። መብራት በሚጠፋበት ቀን ደግሞ እርሳስ አለ።

የእርሳሱ ነገር በይበልጥ ግልጽ የሚሆነው በቶርኖ ቤት ነው። የሙያው ቃላት ራሳቸው ታሪክ አላቸው፤ ቶርኖ፣ ቡሎን፣ ኩሽኔታ፣ ፌሮ የሚባሉት ከጣሊያኖች የተወረሱ ናቸው። ደንበኛ የተሰበረ ዕቃ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይመጣል። መኪናው የተሠራበት ፋብሪካ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ሥዕል የለም፣ መለዋወጫም የለም። ባለሙያው ዕቃውን ያገላብጣል፣ በካሊፐር ይለካል፣ የተበላውን ጎን ካልተበላው ጋር አስተያይቶ ዕቃው አዲስ ሳለ ምን እንደነበረ ይገምታል። ከዚያም በብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት ዕይታ ነድፎ ቁጥሮቹን ያሰፍራል። ዋና የጥገና ወርክሾፑ በድሬዳዋ የነበረው የምድር ባቡርም ያረጁ ሎኮሞቲቮችን በመሥመሩ ላይ ያቆየው ይህን በመሰለ ሙያ ነበር። ያረጀን ዕቃ የሚነድፍ ሰው የሚሥለው በፊቱ ያለውን አይደለም፤ መሆን የነበረበትን ነው። የተበላ ዘንግ 39.6 ሚሊ ሜትር ሲለካ፣ አዋቂው 40 ብሎ ይጽፋል። ይህን የሚወስን መኪና የለም፤ ዕቃውን በመብራት ጨረር ለክቶ ወደ ኮምፒዩተር የሚያስገባው አዲሱ መሣሪያም ቢሆን የሚሰጠው የተበላውን ዘንግ ከነመበላቱ ነው።

አንድ ችላ የተባለ ጉዳይም አለ፤ እርሱም ፊደሉ ነው። በኢትዮጵያ የሚሠሩ ሥዕሎች ማስታወሻቸው በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፌሮ የሚያስረውና ሻተሪንግ የሚሠራው ሰው ግን የሚያነበው አማርኛ ወይም ሌላ የአገሩን ቋንቋ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከገባ ወዲህ በአማርኛ ለመጻፍ የቴክኒክ ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ግን አለ። ለላቲን ፊደል በዓለም አቀፉ ደንብ ከተቀመጡት ትንንሽ ቁመቶች አንዱ 2.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ቁመት የታተመ የግዕዝ ፊደል ግን የካዕቡና የሣልሱ ቅጥል ተጣብቆ ሊለይ አይችልም፤ ወረቀቱ በሥራ ቦታ አቧራና ላብ ሲነካው ደግሞ ይብሳል። ከ3.5 ሚሊ ሜትር ባይወርድ ይሻላል። በእጅ የሚጻፍ ከሆነም ሳይጣደፉ፣ ፊደሉን ከፊደሉ አራርቆ መጻፍ ነው።

አሁን ወደ ካዛንቺስ መመለስ ያስፈልጋል፤ የእጁና የመኪናው ትምህርት አንድ ላይ የሚፈተነው እዚያ ነውና። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ የካዛንቺስ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ፈርሰዋል። መፍረሳቸው ይገባል አይገባም የሚለው የሌላ ጉባኤ ጉዳይ ነው። ለዚህ ሙያ የሚገደው ሌላ ነገር ነው፤ ቤት ሲፈርስ፣ ልኬቱን ጠብቆ በወረቀት የሰፈረ ካልሆነ፣ ግድግዳው እንዴት እንደተሠራ፣ ጣሪያው በምን እንደታሰረ፣ ክፍሉ ምን ያህል እንደነበረ ለመናገር የሚችል ማስረጃ አይቀርም። ፎቶግራፍ ገጹን ያሳያል፤ የግድግዳውን ውፍረት ግን አይናገርም።

የቆመን ቤት ለክቶ መሣል ሁለት ሰው፣ አንድ ሜትር፣ አንድ ጠንካራ ሰሌዳና ወረቀት ይጠይቃል። አስቀድሞ የክፍሎቹ አቀማመጥ በእጅ ይነደፋል፤ ንድፉ መጠኑን የጠበቀና ሰፋ ያለ መሆን አለበት፣ ቁጥሮች ይጻፉበታልና። ከዚያም ልኬቱ የሚወሰደው ከአንድ ጥግ ተነሥቶ ሜትሩን ሳያነሡ ነው፤ በር፣ መስኮት፣ ምሰሶ ሁሉም ከዚያው ከዜሮ ይቆጠራሉ፤ እየቆረጡ ቢለኩ ስሕተት በስሕተት ላይ ይከመራልና። ጀማሪዎች ሁልጊዜ የሚረሱት ግን ሰያፍ ልኬቱን ነው። አንድ ክፍል በአንዱ ጎን 4 ሜትር፣ በሌላው ጎን 3.60 ቢሆን፣ ማዕዘኖቹም ቀጥ ያሉ ቢሆኑ፣ ከጥግ እስከ ጥግ 5.38 ይወጣል። አንዱ ሰያፍ 5.30፣ ሌላው 5.46 ከሆነ ግን ክፍሉ ሁለት ዲግሪ ያህል ተንጋድዷል ማለት ነው። በዐይን አይታይም፤ ንጣፉን የሠራ ሰው ብቻ ያውቀዋል።

ተማሪዎቹ ወደ ክፍላቸው ተመልሰው ቁጥሮቹን ወደ ኮምፒዩተሩ ሲያስገቡ ደግሞ መኪናው እውነተኛ አገልግሎቱን ይሰጣል። በእርሳስ ሲሣል የሁለት ሳንቲ ሜትር ጉድለት በመሥመሩ ውፍረት ውስጥ ይደበቅ ነበር፤ ኮምፒዩተሩ ግን ይሉኝታ የለውም። የአንዱ ክፍል ግድግዳ ከሚቀጥለው ጋር ካልገጠመ አይገጥምም፤ ሦስት ማዕዘኑ ካልተዘጋ ክፍት ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ንድፉ እንደገና ይገለጣል፤ የተደበላለቀው 6 ነው ወይስ 8? የምሰሶው ልክ ከልስኑ ጋር ነው ወይስ ከልስኑ በፊት? መልሱ በወረቀቱ ላይ ከሌለ አንድ መፍትሔ ብቻ አለ፤ ሜትሩን ይዞ ወደ ቤቱ መመለስ። ስለዚህም በትምህርት ክፍል ውስጥ ሊደነገግ የሚገባው ደንብ፣ ተማሪዎቹ ከተለካው ቤት ሳይወጡ፣ በዚያው በሩ ላይ ቆመው፣ ሰያፎቹን አስልተው ጎኖቹ መዝጋታቸውን በወረቀት እንዲያረጋግጡ ነው። ሥራው ሃያ ደቂቃ ቢወስድ ነው። ቤቱ በሚቀጥለው ሳምንት ላይኖር ይችላል።